ፋኑ አላርፍ ያለ ላፕቶፕ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአዳማ ፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ከቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ መሐል ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ የሚመጣልኝ ሥራ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ፋኑ አያርፍም፣ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል።» ሰፈራችን ገና እየተሠራ ነው። ሲኖትራኩ አሸዋ ሲያመላልስ ይውላል፣ የውስጥ ለውስጡ መንገድ አቧራ ነው፣ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ማታ በጣት ይጻፍበታል። ላፕቶፑም የሚስበው ይህንኑ አየር ነው።

አቧራውንስ ለምደነዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሰው ፋኑን ዝም ለማሰኘት ብሎ ደህናውን ማሽን ሲያበላሽ ማየት ነው። ፋን ሙቀት ሲነገረው የሚሮጥ ታዛዥ ዕቃ ነው፤ ለምን እንደሚሮጥ ሳይጠየቅ ገንዘብም ፋይልም ይጠፋል።

ሳያዩ «ፎርማት ይደረግ» ማለት

ባለፈው ጥር አንዲት እናት የልጃቸውን ላፕቶፕ በፌስታል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ፎርማት አድርግልኝ፤ ሌላ ቦታ እንደዚያ ነው ያሉኝ» አሉ። «እሺ እናቴ፣ መጀመሪያ ግን ትንሽ ልየው» ብዬ አበራሁትና ጎኑ ላይ ካለው የአየር መውጫ መዳፌን አስጠጋሁ። ፋኑ ባለ በሌለ ኃይሉ ይዞራል፤ የሚወጣው አየር ግን እንደ ሕፃን ትንፋሽ ቀጭን ነው፣ ደግሞም ይፋጃል። ከፈትኩት። ፋኑና ሙቀት የሚያስወጡት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች በሚገናኙበት ቦታ አቧራው ከክርና ከፀጉር ጋር ተጋግሮ እንደ በርኖስ ቁራጭ ተነጥፏል። በወረንጦ ስይዘው ሙሉውን ተልጦ ወጣ። መልሼ ስገጥመው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁ ጠፋ። የልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፍ ዴስክቶፑ ላይ ነበር፣ ሌላ ቅጂ የለውም። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ እሱ ይጠፋል፣ ፋኑም እንደጮኸ ይቀጥላል።

ስለዚህ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት መዳፋችሁን አስጠጉ። አየሩ ትኩስ ሆኖ ደካማ ከሆነ መተላለፊያው ተዘግቷል። ትኩስም ብርቱም ከሆነ ፋኑ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው፤ መፈለግ ያለበት ማሽኑን ያደከመው ፕሮግራም ነው። ቀዝቃዛና ብርቱ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ሳይኖር የሚያሽከረክረው ቅንብር ሊኖር ይችላል። ይህ ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስነፋት

በየሰፈሩ ጎሚስታ ስላለ ቀላል ይመስላል። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ግን ውሃና ዘይት ቀላቅሎ ይተፋል፣ ግፊቱም ከላፕቶፕ አቅም በላይ ነው። ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አሽከርክሮ መዞሪያውን ይበላዋል። ከውጭ ወደ ውስጥ የተነፋ አቧራ ደግሞ አይወጣም፤ ያ በርኖስ የሚመስለው ነገር ተገፍቶ ፋኑ ላይ ይመለሳል ወይም ማዘርቦርዱ (ቺፖቹ የተተከሉበት ዋናው ቦርድ) ላይ ይበተናል። የቤት ቫኪዩምም አልመክርም፤ አፉ ላይ የሚፈጠረው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል።

በትክክል የሚጸዳው እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ የሥሩ ክዳን ይከፈታል፣ ከሁሉ በፊት የባትሪው ሶኬት ከቦርዱ ይላቀቃል። ክዳኑን ስትከፍቱ ባትሪው አብጦ ካገኛችሁት እዚያው አቁሙና ለባለሙያ ስጡት፤ በምንም ነገር እንዳትወጉት። ከዚያ የፋኑ ብሎኖች ተፈተው ፋኑ ይነሳል፤ የተጋገረው አቧራ ያለው ከኋላው ስለሆነ ሳይነሳ አይታይም። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የታመቀ አየር ከተጠቀማችሁ የፋኑን ክንፍ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይዛችሁ አስቁሙት፣ እንዳይሽከረከር።

ብርዱን ማመን

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ እንዴት ይግላል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር ስስ ነው፤ ጥግግቱ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋን ሙቀት የሚያስወጣው በአየር አሸክሞ ነው፤ ተሸካሚው ከሳሳ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ደጋግሞ መሮጥ አለበት። ብዙ አምራቾች ላፕቶፕ የሚሠራበትን ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው የሚፈቅዱት፤ የእንጦጦ ጫፍ ከዚያ ያልፋል። የቀኑ ብርድ ይህን በከፊል ያካክሰዋል። ቪዲዮ ስታቀናብሩ ወይም ጌም ስትጫወቱ ፋኑ ቢጮኽ ታዲያ አትደንግጡ፤ ባዶ ስክሪን ላይ ተቀምጦ ሲጮኽ ነው ነገር ያለው።

አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ

አብዛኛው ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው። ብርድ ልብስ አፉን ይከድነዋል፣ የጋቢው ብናኝ ክር ደግሞ ተስቦ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ አድርጉትና ከኋላ እግሩ ሥር ሁለት የሃይላንድ ክዳን አስገቡለት። ልዩነቱን በጆሯችሁ ትሰማላችሁ።

ታስክ ማናጀርን አለመክፈት

መዳፋችሁ ትኩስና ብርቱ አየር ካገኘ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የትኛው ፕሮግራም እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አንጎል) የሚለውን ጽሑፍ ስትነኩት ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። ምንም ሳትሠሩ ቁጥሩ ጥቂት በመቶ ብቻ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሠላሳ ታብ የተከፈተበት ክሮም፣ የሚያወርድ አፕዴት ወይም ፋይል የሚፈትሽ አንቲቫይረስ ነው። አፕዴቱን ይጨርስ፤ በየቀኑ መሐል ላይ ስለምታቋርጡት ነው በየቀኑ የሚመለስባችሁ። ፎርማት በተደረገ ማግስትም ዊንዶውሱ እስኪደላደል ድረስ ለሰዓታት መጮኹ ያለ ነው።

አንድ ምልክት ግን ልብ በሉልኝ። ታስክ ማናጀሩን በከፈታችሁ ቅጽበት ፋኑ ጸጥ ብሎ፣ ስትዘጉት መልሶ ከጮኸ፣ ተደብቆ የሚሠራ ነገር አለ። ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ ከተሰበረ ሶፍትዌር ጋር የሚገቡ፣ በእናንተ ኮምፒውተርና በእናንተ መብራት ለሌላ ሰው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍሩ ቫይረሶች እንዲህ ያደርጋሉ። በፍላሽ ተቀባብሎ የመጣ «ክራክ» ጭናችሁ ከነበረ ከእሱ ጀምሩ።

ፋኑን በግድ ዝም ማሰኘት

ገመዱን ነቅሎ የመጣ ልጅ አጋጥሞኛል። አንዳንድ ማሽን ፋኑን ካላገኘ ስህተት ጽፎ አልነሳም ይላል። የተነሳውም ሙቀቱ ሲያይል መጀመሪያ ራሱን ያዘገያል፤ ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወሰናቸው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ያም አልበቃ ሲል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ድምፁ ካስቸገራችሁ ሙቀቱን ከምንጩ ቀንሱ፦ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርዱት። ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ መሮጡን ይተዋል። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት የሚቀርባችሁ ነገር የለም። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ምርጫ ተደብቋል።

ተርማል ፔስት ላይ ያሉ ስህተቶች

ፕሮሰሰሩንና መዳቡን የሚያገናኘው ፔስት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። አየሩ ክፍት ሆኖ፣ አቧራ ተጠርጎ፣ ሙቀቱ አልወርድ ካለ ያኔ ይቀየር። በጥርስ ሳሙና የተቀባ ማሽን እጄ ገብቷል፤ ለጥቂት ቀን ሠርቶ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። የድሮው ፔስት ሲጠረግ በሳኒታይዘር ጄል አይሁን፣ ሌላ ነገር ስለተቀላቀለበት ቅሪት ይተዋል፤ ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው የሚያስፈልገው። መጠኑ የምስር ፍሬ ታህል ትበቃለች፤ ብዙ መቀባት አያቀዘቅዝም። ሜሞሪ ቺፖቹ ላይ ያለውን ለስላሳ ትራስ መሰል ነገር አንስቶ በፔስት መተካትም ስህተት ነው፣ በመካከል ያለውን ክፍተት ፔስት አይሞላውም። ብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ካለ በዚያው ተራ ጥበቁ፤ አንዱን ጎን ብቻ ያጠበቀ ሰው ቺፑን ሊሰብረው ይችላል።

ፋኑ የሚያሰማው የነፋስ ሳይሆን እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ድምፅ ከሆነ መዞሪያው አልቋል። የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ጠብ ማድረግ ለሳምንት ዝም ያሰኘዋል፣ ከዚያ አቧራውን አቡክቶ ያስቀረዋል። ለሞዴሉ የሚሆነውን ፋን ገዝቶ መቀየር ነው።

ቅንብሩን ሳያዩ ባዮስ ማደስ

ባዮስ ማለት ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ሶፍትዌር ነው፤ እሱን ማደስ አንዳንዴ የፋንን ችግር ይፈታል። እኛ ሰፈር ግን መብራት ሳይናገር ይሄዳል፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። ባትሪው በደንብ ካልሞላና ቻርጀሩ ካልተሰካ አትንኩት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ጨርሶ አታስቡት።

ቅንብሩን ማየት ግን ምንም አደጋ የለውም። አንድ መምህር ኤችፒ ይዞ መጥቶ ሁለት ቦታ ከፍሎ አስጠርጎ፣ ፔስት አስቀይሮ፣ ፋኑ ግን አሁንም እንደሚዞር ነገረኝ። መዳፌን ሳስጠጋ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ሲነሳ ኤፍ 10 ተጭኜ ባዮስ ገባሁ፤ ፋን ኦልዌይስ ኦን የሚለው ቅንብር በርቷል። ቻርጀር እስከተሰካ ድረስ ሙቀት ኖረም አልኖረም ፋኑ ይዞራል ማለት ነው። አጠፋሁት፣ ሴቭ ብዬ አስነሳሁት። መምህሩ ጆሮውን ወደ ኪቦርዱ አስጠግቶ «ጠፋ እንዴ?» አለኝ። ስክሪኑ በርቷል፤ የቆመው ፋኑ ብቻ ነው።