ዊንዶውሱንም ፎንቱንም ሳታጡ አሮጌ ዴስክቶፕን ወደ ኤስኤስዲ ማሻገር

ፒሲው ዘገየብኝ ብላችሁ ባለሙያ ጋር ስትወስዱት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «ፎርማት እናርገው» የሚል ነው። እኔ ይሄን መልስ አልወደውም። በተለይ ጽሕፈት ቤት፣ ፎቶ ቤት ወይ ሂሳብ የሚሰራበት ቢሮ ያለ ዴስክቶፕ ከሆነ በፍፁም አልመክርም። እህቴ ጽሕፈት ቤት አላት፣ ፒሲዋ አሮጌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፣ የዛሬ ስንት አመት ዶክመንቷን ገልብጠው ፎርማት አርገው ሰጧት፣ አንድም ፋይል አልጎደለም ግን ዎርድ ላይ ስትከፍተው የስንት ደንበኛ ውልና ማመልከቻ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ቁጭ አለ። ድሮ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች የተፃፈ አማርኛ ከስር የሚቀመጠው በላቲን ፊደል ኮድ ነው፣ ፎንቱ ከሌለ አማርኛው አይታይም። ፋይሉ ተረፈ፣ ፎንቱ ሄደ። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራምም እንደዛው ነው፣ ዳታው ቢኖር እንኳን የተጫነበት ሲዲ አሁን ከየት ይመጣል?

ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ ክሎን ማድረግን ነው፣ ማለትም ዊንዶውሱን ከነፕሮግራሙ ከነፎንቱ ከነፕሪንተር ድራይቨሩ እንዳለ አንስቶ አዲሱ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ማስቀመጫ) ላይ ማስቀመጥ።

ፍጥነቱ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ መረጃ በተፈለገ ቁጥር ማንበቢያው ቦታው ድረስ መሄድ አለበት፣ ይሄ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ደሞ ብዙ ሺ ትንንሽ ፋይሎችን ነው ከየቦታው የሚለቅመው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ፕሮሰሰሩም ራሙም ያው የድሮው ሆኖ ልዩነቱ መብራት እንደበራ ነው የሚታያችሁ።

ስትገዙ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለውን ውሰዱ። ቀጭኗን የማስቲካ ቅርፅ ያላትን ኤም ዶት ቱ ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትገዙ፣ አብዛኛው አሮጌ ማዘርቦርድ መሰኪያዋ የለውም። መጠኑን ለመወሰን ሲ ድራይቭ ላይ ራይት ክሊክ አርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ምን ያህል እንደተያዘ እዩ፣ ከዛ ላይ ቢያንስ አንድ አምስተኛው ባዶ የሚተርፍበትን ምረጡ። ለብዙ ቢሮ 256 ጊጋ በቂ ነው። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ካነሰ ጠርጥሩ፣ 1 ቴራ ተብሎ ውስጡ 64 ጊጋ የሆነ እቃ አለ። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ከውሸተኛ እቃ የሚያድናችሁ እሱ ነው፣ ኤስኤስዲውን ከሰካችሁ በኋላ፣ ክሎን ከማድረጋችሁ በፊት አስኪዱት።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምጨነቅበት ነገር እንሂድ፣ የድሮው ሃርድ ዲስክ ጤና። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም ክፈቱ። ሰማያዊ ሆኖ ጉድ ካለ ቀጥሉ። ቢጫ ሆኖ ኮሽን ካለ፣ በተለይ ሪአሎኬትድ ሴክተርስ ወይ ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር የሚለው መስመር ላይ ሮው ቫልዩስ ስር ከዜሮ የተለየ ቁጥር ካለ፣ ዲስኩ እየደከመ ነው፣ በዛ ሰአት ስካን ወይ ሪፔር የሚባል ነገር እንዳትነኩ፣ እያንዳንዱ ንባብ ከቀረው እድሜ ላይ ነው የሚቀንሰው። መጀመሪያ ዶክመንቱን፣ ፎቶውን፣ የፒችትሪውን ዳታ ወደ ኤክስተርናል አውጡ፣ ክሎኑ ከዛ በኋላ ይደርሳል። ቃ ቃ የሚል ድምፅ ካሰማ ደሞ አጥፉት፣ ዳታ ሪከቨሪ የሚሰራ ሰው ጋር ውሰዱት።

ጤነኛ ቢሆንም ወሳኝ ወሳኙን ፋይል ሌላ ቦታ ሳታስቀምጡ አትጀምሩ። ፒችትሪ ካላችሁ ከራሱ ከፋይል ሜኑ ባክ አፕ አውጡ። ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ከበራ አጥፉት። መብራት ክሎን መሃል ቢጠፋ የድሮው ዲስክ ላይ የሚፃፍ ነገር ስለሌለ ዳታችሁ ብዙም አያሳስብም፣ ግን ከዜሮ ትጀምራላችሁ፣ ዩፒኤስ ካለ እሱ ላይ ሰኩት።

ሲፒዩውን፣ ማለትም የፒሲውን ሳጥን፣ ከመክፈታችሁ በፊት የመብራት ገመዱን ንቀሉና ፓወሩን አንዴ ተጫኑት፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። እጃችሁን የሲፒዩው ብረት ላይ አሳርፉ። ሁለት ነገር ነው የሚሰካው፣ ጠባቡ የዳታ ኬብል ወደ ማዘርቦርዱ፣ ሰፊው ደሞ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው። ትርፍ ኬብል ካጣችሁ የዲቪዲውን ነቅላችሁ ተጠቀሙ፣ ትልቁ የዴስክቶፕ ዲቪዲ ከሆነ ልክ አንድ አይነት ነው፣ የቀጭኑ ዲቪዲ ግን የፓወር መሰኪያው ያነሰ ነው። አፉ ጫፉ ላይ ታጠፍ ያለ ቅርፅ አለው፣ እምቢ ካለ ገልብጡት እንጂ በጉልበት አትግፉት፣ ያቺ ፕላስቲክ ከተሰበረች ኤስኤስዲው ዋጋ የለውም። ማሰሪያ ብረቱን ካላገኛችሁ ሲፒዩው ወለል ላይ በጥሩ ፕላስተር መለጠፍ ይቻላል፣ አይሽከረከርም አይንቀጠቀጥምና።

ክሎን ለማድረግ እኔ የምጠቀመው ዲስክጂኒየስን ነው፣ ነፃው ይበቃል። ክሎንዚላም ጥሩ ነው ግን አዲሱ ዲስክ ከድሮው ካነሰ ለጀማሪ ያስቸግራል፣ እኛ ጋር ደሞ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እሱ ነው፣ ከ500 ጊጋ ወደ 256። ዲስክጂኒየስ ላይ ቱልስ ውስጥ ሲስተም ማይግሬሽን የሚለውን ምረጡ። ይሄ ዊንዶውሱን ከነሲ ድራይቩ ብቻ ነው የሚወስደው፣ ዲ ላይ ያለው ፊልምና ፎቶ እዛው የድሮው ዲስክ ላይ ይቀራል፣ ዴስክቶፕ ሁለት ዲስክ ስለሚይዝ ይሄ ምርጥ ነው። ታርጌት ዲስክ ሲላችሁ ግን እጃችሁን ከማውሱ አንሱና መጠኑንም ስሙንም ሁለቴ አንብቡ፣ የምትመርጡት ዲስክ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ከዛ ስታርት። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢያነብ 120 ጊጋ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ አሮጌ ዲስክና ትንንሽ ፋይል ሲሆን ግን አንድ ሰአትም ሊሄድ ይችላል፣ ተዉት ይስራ።

ሲጨርስ አጥፉና የድሮውን ዲስክ የዳታ ኬብል ንቀሉ፣ ኤስኤስዲውን እሱ በነበረበት መሰኪያ ሰኩት፣ ብዙ ጊዜ ሳታ 0 ተብሎ ተፅፎበታል። የድሮው ተሰክቶ እያለ ከሞከራችሁ ከየትኛው እንደተነሳ ሳታውቁ «አልፈጠነም» ትላላችሁ። ካልተነሳ ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጭናችሁ ኤስኤስዲውን ምረጡ።

ሰማያዊ ስክሪን ላይ ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ ካለ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ የሳታው ሞድ (ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚግባባበት መንገድ) ተቀይሯል ማለት ሊሆን ይችላል። እህቴ ፒሲ ላይ ያጋጠመኝ ይሄ ነው፣ ማታ በደንብ ሲሰራ አምሽቶ ጠዋት ሰማያዊ ሆነ፣ ኤስኤስዲው ነው ብዬ ግማሽ ቀን ፈታሁት፣ ለካስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። ማታ ገመዱን ከሶኬት ሲነቅሉት ባዮሱ ሴቲንጉን ይረሳል፣ የሳታው ሞድ ከኤኤችሲአይ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ ሰአቱም አብሮ ወደኋላ ይሄዳል። ሲአር2032 የሚባለውን ባትሪ ቀይሬ ሞዱን ስመልሰው በቃ አለቀ። ሲፒዩውን ከከፈታችሁ አይቀር ባትሪውን አብራችሁ ቀይሩት፣ ዋጋው ትንሽ ነው።

ከተነሳ በኋላ ቸኩላችሁ አትዝጉት። አንድ የድሮ የአማርኛ ዶክመንት ክፈቱና ፊደሉን እዩ፣ ፕሪንት አርጉ፣ ፒችትሪውን ከፍታችሁ የመጨረሻውን ግቤት ፈልጉ። ሁሉም ካለ አጥፉና የድሮውን ዲስክ በሌላ መሰኪያ መልሱት፣ ባዮስ ላይ ኤስኤስዲው አንደኛ ይሁን። ዲ የነበረው ኢ ሆኖ ከመጣ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ቼንጅ ድራይቭ ሌተር በሚለው መልሱት፣ አለበለዚያ ዲ ላይ ፋይል የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ያጡታል። የድሮውን ሲ ደሞ እዛው ቦታ ላይ ፊደሉን ሪሙቭ አርጉት፣ ፓርቲሽኑን ግን አታጥፉ። እንዲህ ሲሆን ተሳስቶ እሱ ላይ ሴቭ የሚያደርግ ሰው አይኖርም።

ዲፍራግመንት ኤንድ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ የሚለውን ክፈቱና አዲሱ ሶሊድ ስቴት ድራይቭ ተብሎ መመዝገቡን እዩ፣ ከዛ በኋላ ዊንዶውሱ ራሱ ይንከባከበዋል፣ ሌላ የዲፍራግ ፕሮግራም አትጫኑ።

ዊንዶውስ 11ም አብረን እናድርገው የሚል ሰው አይጠፋም፣ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ ኢንቴል ፕሮሰሰር ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ አይፈቀድለትም፣ የሚፈቀድለት ቢሆንም በአንድ ቀን ሁለቱን አትስሩ፣ የሆነ ነገር ቢበላሽ ከየቱ እንደመጣ አታውቁም።

የድሮውን ሲ ቢያንስ አንድ ወር እንዳለ ተዉት። እኔ ሲፒዩው ጎን ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቀኑን እፅፋለሁ፣ ወሩ ሞልቶ ማንም «ያ ፋይል የት ሄደ» ካላለ ያን ጊዜ ፎርማት አርጌ የኤስኤስዲው ባክ አፕ ማስቀመጫ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ኤስኤስዲ ሲሞት ብዙ ጊዜ እንደ ሃርድ ዲስክ ቃ ቃ ብሎ አያስጠነቅቅም።