የታተመ ወረቀት ሲታጠፍ ቀለሙ ለሚሰነጠቅባችሁ

በእጄ የምሰፋው ትንሽ የሥዕል መጽሐፍ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ እየተሰነጠቀ ነጭ መስመር ያወጣ ነበር። መጽሐፉም አልዘጋ ብሎ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ወረቀቱ 120 ግራም ኤ4 ነው፤ በሌዘር ፕሪንተር ታትሞ ለሁለት የሚታጠፍ።

መጀመሪያ ክሩን አጥብቄ ሰፋሁ፤ ወረቀቱ ቀዳዳው ላይ ተቀደደ። ክሩን ሰም ቀባሁት። ስፌቱ አማረ፣ ስንጥቁ ግን እዚያው ነው። ሌሊቱን ከባድ ነገር ጭኜበት አደረ፤ ጠዋት ሳነሳለት ተመልሶ ተከፈተ።

ችግሩ ያለው ቃጫው ላይ ነው። ወረቀት እንደ እንጨት የቃጫ አቅጣጫ አለው። አብዛኛው ኤ4 ቃጫው በረጅሙ ጎን ነው የሚሄደው። ለሁለት ሲታጠፍ እጥፋቱ ቃጫውን ስለሚያቋርጥ ቃጫው ይሰበራል፣ ቶነሩም (የሌዘር ፕሪንተሩ የዱቄት ቀለም) አብሮ ይሰነጠቃል። ለማወቅ ትንሽ ካሬ ቆርጣችሁ አንዱን ፊቷን ብቻ በውሃ አርጥቡ። ወዲያው ትጠቀለላለች። ጥቅሉ የተጋደመበት አቅጣጫ የቃጫው አቅጣጫ ነው። ይህቺን ሙከራ በጣም ወደድኳት!

ቃጫው በረጅሙ ጎን የሚሄድ ኤ3 ገዛሁና መሃል ለመሃል ቆረጥኩት። ከዚህ የሚወጣው ኤ4 ቃጫው በአጭሩ ጎን ስለሚሄድ ከእጥፋቱ ጋር ይገጥማል። ካተምኩ በኋላ፣ ከማጠፌ በፊት፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ አስደግፌ መስመር ጫንኩበት። ስንጥቁ ጠፋ።

የሰፋሁት በሰንሰለት ስፌት ነው፤ የብራና መጻሕፍቶቻችን በሚሰፉበት። ጀርባው ሙጫ ስለሌለው አሁን ገጹ ተዘርግቶ ይተኛል። የሽፋኑን ካርቶን ስትቆርጡም ቃጫውን ከጀርባው ጋር አስተካክሉት፤ አለዚያ ሙጫው ሲደርቅ ይጣመማል።