ሽመላው ለምን ይወድቃል? በማስመሰል ጨዋታ ሚዛንና ቅንጅት ሲያስተምሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የአንደኛ ክፍል ልጅ «ሚዛንህን ጠብቅ» ቢባል ምን እንደተባለ አይገባውም። «የሐይቅ ሽመላ ሁን» ቢባል ግን ሳይነገረው አንድ እግሩን ያነሣል፣ ክንፉን ይዘረጋል። የማስመሰል ጨዋታ ጉልበቱ ይኸው ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። የተመረጠው እንስሳ የልጁን አካል ወደ ሌላ ከወሰደው ክፍለ ጊዜው በሳቅ ያልቃል፣ ልጁ ግን እንደወደቀ ይቀራል። ስለዚህ ልጁ ሲወድቅ ከልጁ በፊት የሚመረመረው የተሰጠው ጨዋታ ነው።

ሽመላው ሦስት ሳይቆጠር ይወድቃል

ብዙ መምህር እግሩን ያያል። መታየት ያለበት ዐይኑ ነው። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው ከሦስት ቦታ በሚመጣ መልእክት ነው፤ ከዐይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ እንዲሁም ከመርገጫውና ከመገጣጠሚያዎቹ። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ይበልጡን በዐይናቸው ይደገፋሉ። የሚስቅ ጓደኛውን እያየ የቆመ ልጅ ቢወድቅ አይገርምም።

«ሽመላው ዓሣ እየጠበቀ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ዓሣው ግን ውሃ ውስጥ ስለሆነ ልጁ አንገቱን ይደፋል፤ ጭንቅላት ወደፊት ሲሄድ ሌላው አካልም ይከተላል። ይልቅ «ሽመላው ከማዶ የምትመጣ ታንኳ እያየ ነው» ይበሉ። ታንኳዋን ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ፣ በልጁ ዐይን ቁመት፣ በጠመኔ ይሳሉ።

ዐይኑ ታንኳዋ ላይ ተተክሎም ከወደቀ ሁለት ነገር ይዩ። የቆመበት ጉልበት ግትር ብሎ ከሆነ ትንሽ እንዲያላላው ይንገሩት። ያነሣውን እግር በቆመበት ጉልበት ላይ ደግፎት ከሆነ ያላቁት፤ የተደገፈ እግር ልጁን ወደ ጎን ይገፋዋል። ለ1ኛ ክፍል 5 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው፣ ቀስ በቀስ ወደ 10 ያድጋል። ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይሁን። ዐይን ጨፍኖ መቆም 10 ሰከንድ ሳይወላውል ለሚቆም ልጅ ብቻ ነው። ልምምዱን ሁልጊዜ በደካማው እግር ይጀምሩ፤ በጠንካራው ከተጀመረ ለደካማው የሚተርፈው የደከመ ልጅና ያለቀ ሰዓት ነው።

ጣቶቹን መሬት ሳያስነካ በተረከዙ ብቻ የሚቆም ልጅ ካለ፣ ከጓደኞቹ ለይተው ጫማውን ያስወልቁና ጣቶቹን ይዩ። ሙጀሌ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በልምምድ አይስተካከልም።

ቀኝ እጅና ቀኝ እግር አብረው ይሄዳሉ

ልጁ በሰልፍ ሲራመድ ወይም በአራት ሲሄድ የአንድ ወገን እጅና እግሩ አብረው ይወጣሉ። ወሎ ውስጥ ይህ ሲታይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የባቲ ግመል ሁኑ ተብለው ነበር ወይ?» የሚለው ነው። የሰኞን የባቲ ገበያ ያየ ልጅ ግመልን አሳምሮ ያውቃል፣ መምህሩም ስለዚህ ይመርጠዋል። ግመል ግን ሲራመድ የአንድ ወገን የፊትና የኋላ እግሩን አብሮ የሚያነሣ እንስሳ ነው፤ ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዘውም ለዚህ ነው። ግመልን በትክክል ያስመሰለ ልጅ እንግዲህ ምን አጠፋ? ግመሉን ለሌላ ቀን ያቆዩት፤ ክብደትን ከጎን ወደ ጎን ማዛወር ለማስተማር ይጠቅማል።

ተቃራኒ እጅና እግርን ለማቀናጀት የምትሆነው እንሽላሊት ናት። የፊት ቀኝ እግሯና የኋላ ግራ እግሯ አብረው ነው የሚወጡት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ልጁ በእጁና በጉልበቱ ይሁን፤ መዳፉ ከትከሻው ሥር፣ ጉልበቱ ከዳሌው ሥር ይዋል።
2. በቀኝ አንጓውና በግራ ጉልበቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩለት። ሌሎቹ ባዶ ይሁኑ።
3. «ቀይ» ሲባል ጨርቅ ያለባቸው፣ «ባዶ» ሲባል ሌሎቹ ይነሡ። በቦታው 8 ጊዜ፣ ከዚያ 3 ሜትር ወደፊት።
4. ይቁምና በቀኝ መዳፉ ግራ ጉልበቱን፣ በግራው ቀኙን ይንካ፤ 10 ጊዜ።
5. ጨርቁ ይፈታና ሰልፉ ይጀመር።

«ቀኝ፣ ግራ» እያሉ ማዘዝ እዚህ ላይ አይረዳም። ልጁ ቀኙን ሲያስብ እግሩን ይረሳል፣ ከትንንሾቹ መካከል ደግሞ ቀኙን ከግራው የማይለይ ብዙ ነው። ቅንጅቱ የሚበላሸው ሲፈጥኑ ብቻ ከሆነ ወደ ቁጥር 1 መመለስ አያስፈልግም፣ ፍጥነቱን መቀነስ ይበቃል።

በነገራችን ላይ የቦረና ሳይንት ጭላዳም መረሳት የለበትም። ሣር ሲነጭ ቁጢጥ ብሎ በመቀመጫው ነው የሚንፏቀቀው። ልጆቹ ቁጢጥ ብለው ወደ ጎን እየሄዱ ጠጠር ቢለቅሙ የወገብና የሆድ ጡንቻቸው ይሠራል። ከአንድ ደቂቃ ግን አይለፍ።

ገመድ ላይ ሲሄድ ሲኒው ይፈስሳል

«ቡና አድርስ» በ5 ሜትር ገመድ ላይ ተረከዝን ከጣት እያስነኩ፣ የፕላስቲክ ሲኒ ይዞ ለጎረቤት ማድረስ ነው። ውሃው የሚፈስሰው ልጁ ሲኒውን ስለሚያይ ነው። ከገመዱ ጫፍ አንድ ልጅ እማማ ሆና ትቁም፤ «ና የኔ ልጅ፣ እደግ» እያለች ትጥራው። የተሸካሚው ዐይን እሷ ላይ፣ ሲኒው ደረቱ ቁመት ላይ ይሁን። ደረጃውን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ይክፈሉት፦ አቦል ባዶ ሲኒ፣ ቶና ግማሽ፣ በረካ አንድ ጣት የጎደለው። አቦሉን ሁለት ጊዜ ከገመዱ ሳይወርድ ያላደረሰ ወደ ቶና አይለፍ።

ቀጭን የናይሎን ገመድ ከእግር ሥር ይሾልካል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የቃጫ ገመድ ይሻላል። ገመድ ከጠፋ በአመድ የተሰመረ መስመርም ያገለግላል።

ጣውላው ይነቃነቃል፣ ያንሸራትታል

ጣውላው 2.5 ሜትር ርዝመት፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ስፋቱ መጀመሪያ 20፣ በኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከመሃል የሚረግብ ከሆነ ሦስተኛ ድጋፍ ይግባለት። ድቡልቡል የባሕር ዛፍ ግንድ ስለሚንከባለል ግማሹ መሬት ውስጥ ይቀበር። መጀመሪያ መሬት ላይ ይሁን፤ ከፍ ቢልም ከ30 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። በደሴ እርጥብ ጠዋት ጣውላ ሳሙና ነው፤ ጆንያ ይጠቅልሉበት፣ ምስማሩም ከሥር በኩል ይመታ። የላስቲክ ጫማና ነጠላ ጫማ ይውለቅ። ረጅም ቀሚስ ወገብ ላይ ይታሰር፣ የሻሽና የሂጃብ ጫፍም ይሸጎጥ።

ከጭብጨባው ጋር አይገጥሙም

መምህሩ ቀስ ብሎ ሲያጨበጭብ ልጆቹ ቀድመውት ይሄዳሉ። እንዳልሰሙ ይቆጠራሉ እንጂ ሰምተዋል። የትንሽ ልጅ ተፈጥሯዊ ምት ከአዋቂው ይፈጥናል፤ ለእነሱ ቀስ ማለት ነው የሚከብደው። መጀመሪያ እነሱ ይራመዱ፣ ከበሮው እርምጃቸውን ይከተል፤ ከተገጣጠሙ በኋላ ቀስ በቀስ ይዘግይ። ለማስቆም ከፊሽካ ይልቅ እጅን ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ ከጦርነቱ ወዲህ ድንገተኛ ድምፅ የሚያስበረግጋቸው ልጆች አሉና።

ዘሎ ሲያርፍ «ድም» ይላል

ተረከዙ ቀድሟል ወይም ጉልበቱ አልታጠፈም። «ድመት ሁን፣ አይጧ እንዳትሰማህ» ይበሉት። ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይብቃ። ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ላይ አያሳርፉት፣ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል፤ የተቆፈረ ለስላሳ አፈር ይሻላል።

ግማሹ ክፍል ይረብሻል

ይህ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ አይደለም፣ የወረፋ ነው። 60 ልጅ በአንድ ጣውላ ላይ 20 ሰከንድ ቢወስድ አንድ ዙር 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ ሁለት ተራ ብቻ ይደርሰዋል። ስድስት ጣቢያ ያብጁ፦ ሽመላ፣ እንሽላሊት፣ ቡና፣ ጣውላ፣ ድመት፣ ጭላዳ። በእያንዳንዱ 10 ልጅ ለ4 ደቂቃ ይቆይ፣ ለመቀያየር 30 ሰከንድ ይሰጥ። በጠቅላላው 27 ደቂቃ ያህል ነው፤ ቀሪው ለማሟሟቂያና ለማብረጃ ይበቃል። መምህሩ የሚቆመው ጣውላው ጋ ነው።

በረመዳንና በሌላውም ጾም የሚጾሙ ልጆች ስላሉ ዝላዩና ጣውላው ቀርቶ ሽመላና ቡና ብቻ ይያዙ። ቁርስ ሳይበላ የመጣም ልጅ እንደዚሁ።

ሁሉም ተሞክሮ ለውጥ ከሌለ

ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚወድቅ፣ ድሮ የሚችለውን ያቃተው፣ ጆሮው የሚፈስስ፣ ወይም ከመሬት ሲነሣ እጁን ጭኑ ላይ እየተከለ በራሱ ላይ የሚወጣ የሚመስል ልጅ ልምምድ አይጨመርበት። ያዩትን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና በየትኛው ጎን እንደሚብስ በወረቀት ጽፈው ለወላጁ ይስጡ፤ ወረቀቱን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።