ባለሸራና ባለሞተሯን ጀልባ በመኪና ጎትተው ቼሳፒክ ሲወጡ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ሸራም ትልቅ ሞተርም ያላት፣ በተጎታች ተጭና ቤት ደጅ የምታድር ጀልባ ለዚህ ተረት የተሠራች ትመስላለች። ነፋስ ሲጠፋ ሞተር አለ። ሞተር ሲያስቸግር ሸራ አለ። የወደብ ኪራይ የለም። አርብ ማታ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ደጅ ላይ የቆመችው ጀልባ ቅዳሜ ጠዋት ቼሳፒክ ቤይ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ላይ ትንሳፈፋለች።

የማወራው በተለይ ስለ ማክግሬጎር 26 ነው። በአይነቷ በብዛት የምትታየው እሷ ናትና። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮስታ ሜሳ ነው የምትሠራው የነበረው። 26ኤክስ የሚባለው ሞዴል እስከ 2002 ተሠራ፤ ቀጥሎ የመጣው 26ኤም ደግሞ እስከ 2013። ያገለገሉት ዛሬም በደህና ዋጋ ይሸጣሉ። ርዝመቷ ወደ 26 ጫማ ነው። 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ትሸከማለች። ከሆዷ ስር የምትወርደው ሰሌዳ ስትነሳ አንድ ጫማ ውሃ ይበቃታል።

ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች ብዙ ቢሆኑም መነሻቸው ይመሳሰላል። ይህች ጀልባ አስፋልት ላይ አንድ ነገር ናት፤ በሞተር ስትሄድ ሌላ፣ በሸራ ስትሄድ ደግሞ ሌላ። ጣጣው የሚመጣው ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀየር ነው። አንድ ቫልቭ ይረሳል፣ አንድ ሰሌዳ ሳይነሳ ይቀራል፣ ከዚያ ቀኑ ይበላሻል።

«በሲዬናዬ እጎትታታለሁ» ማለት

እኛ ሰፈር ሲዬና፣ የቶዮታው ሚኒቫን፣ የማይችለው ነገር ያለ አይመስለንም። ቤተሰብ ይጭናል፣ ታክሲ ይሠራል፣ የሠርግ ዕቃ ያመላልሳል። የመጎተት አቅሙ ግን 3,500 ፓውንድ ነው። ጀልባዋና ተጎታቹ ብቻቸውን ከ3,000 ፓውንድ በላይ ናቸው። ሞተሩን ጨምሩ፣ ነዳጁን፣ መልህቁን፣ በረዶ የሞላውን ሳጥን፣ ፍራሹን። ብዙ ጊዜ 4,000 ያልፋል። መጎተቱንስ ይጎትት ይሆናል፤ ቁም ነገሩ ወደ ቼሳፒክ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ሩት 50 ላይ፣ ከፊታችሁ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ነው። ፒክአፕ ወይም ጠንከር ያለ ኤስዩቪ ያስፈልጋል።

የተጎታቹ አፍንጫ መንጠቆው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ዕቃውን ሁሉ ከኋላ ከጫናችሁት አፍንጫው ይቀልና ተጎታቹ መንገድ ላይ ጅራቱን ይወዛውዛል። ጎማውን ስታዩ ደግሞ ጥርሱን ብቻ አትመልከቱ። የተጎታች ጎማ ብዙውን ጊዜ ሳያልቅ ያረጃል፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን የምርት ዓመት አንብቡ።

ራምፑ ላይ መጣደፍ

አናፖሊስ አጠገብ ያለው የሳንዲ ፖይንት ፓርክ ቅዳሜ ጠዋት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ከኋላ ወረፋ አለ። አንዱ ጥሩምባ ይነፋል። ሰው ይደነግጥና የሸራውን ምሰሶ እዚያው ራምፑ ላይ፣ ጀልባ ወደ ውሃ በሚወርድበት ተዳፋት፣ ለማቆም ይጣደፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የምሰሶውን ሽቦ የሚይዘው ፒን ሳይቆለፍ ቀርቶ ውሃ ላይ ሲወልቅ ምሰሶው ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ምሰሶውን ከወረፋው ወጥታችሁ ማዘጋጃው ቦታ ላይ አቁሙ። ከማቆማችሁ በፊት ግን ቀና ብላችሁ ወደ ላይ እዩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? ከዚያ እስከ ራምፑ ባለው መንገድ ላይስ? ምሰሶው አሉሚኒየም ነው፤ ቆሞ ከ30 ጫማ በላይ ይደርሳል። ሽቦ ከነካ የምሰሶውን ገመድ የያዘው ሰው አይተርፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ሌላው ትንሽ ነገር የጎማው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። ከሩቅ ነድታችሁ እንደደረሳችሁ የእጃችሁን ጀርባ የጎማው እምብርት ላይ አሳርፉ። የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው ውሃ ውስጥ አታግቡት። የጋለው ድንገት ሲቀዘቅዝ በማኅተሙ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ቅባቱ ይበላሻል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። ምሰሶውን እስክታቆሙ ድረስ እሱም ይበርዳል።

የሚያረጋጋውን ውሃ ሳይሞሉ መውጣት

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው።

ሌሎች የሸራ ጀልባዎች ከሆዳቸው ስር ከባድ ብረት ወይም እርሳስ አላቸው። ነፋስ ሲያጋድላቸው የሚመልሳቸው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ግን በቤተሰብ መኪና አይጎተትም። ስለዚህ ማክግሬጎሮች ብልሃት ዘየዱ። ጀልባዋ መንገድ ላይ ቀላል ናት፤ ውሃ ላይ ስትደርስ ሆዷ ውስጥ ያለውን ታንክ በባሕሩ ውሃ ትሞላለች። ባላስት የሚሉት ይህንን ነው። 26ኤክስ ወደ 1,500 ፓውንድ ውሃ ትይዛለች፤ ይህም 680 ኪሎ ገደማ ነው። 26ኤም 1,150 ፓውንድ ውሃ ትይዛለች፣ በተጨማሪ 300 ፓውንድ ቋሚ ክብደት አላት።

ታንኩ ባዶ ሲሆን ጀልባዋ ትፈጥናለች፤ በሞተር በሰዓት ከ20 ማይል በላይ ትበራለች። ፈተናው እዚህ ጋ ነው። ሰው ፍጥነቱን ይወድና ባዶዋን ይነዳታል። ባዶ ሳለች ግን ስትገለበጥ ራሷን አትመልስም። እንግዶች ሁሉ ርችት ለማየት በአንድ ጎን ቢሰበሰቡ፣ ወይም ልጆች ጣሪያዋ ላይ ቢወጡ፣ ሚዛኗ ያልቃል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2002 ቨርሞንት ውስጥ በሻምፕሌን ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለች ጀልባ ከልክ በላይ ሰው ጭና፣ የባላስቱ ታንክ ሳይሞላ ተገለበጠች። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ነጂው ጠጥቶ ነበር፤ ፍርድ ቤትም ቀርቦ ተፈርዶበታል።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ሰው ከተሳፈረ ታንኩ ይሞላል። ሸራ ከተሰቀለማ ጥያቄም የለውም። ባዶ መሄድ የሚያምረው ሰው ጥቂት፣ ውሃው እንደ መስታወት፣ ሸራው የወረደ ሲሆን ብቻ ነው። ያኔም ሁሉም ታች ይቀመጥ።

መሙላቱ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የኋላውን ቫልቭና የውስጡን የአየር ማስወጫ ትከፍታላችሁ፤ ውሃው ራሱ ይገባል። «ሞልቷል መሰለኝ» አይበቃም። ጣታችሁን በአየር ማስወጫው ቀዳዳ አስገቡ። ውሃው ጣታችሁን ካልነካ አልሞላም። ግማሽ የሞላ ታንክ ደግሞ ከባዶው አይሻልም፤ ጀልባዋ ባጋደለች ቁጥር ውሃው ወደ ዝቅተኛው ጎን እየሮጠ ይብስባታል።

ከዚያ ሁለቱንም ዝጉ። ቫልቩ ክፍት ሆኖ በፍጥነት ከነዳችሁ ታንኩ መንገድ ላይ ይራገፋል። ሳታውቁት ባዶ ሆናችሁ ሸራ ትሰቅላላችሁ። ከሞተር ወደ ሸራ ስትቀይሩ ሁልጊዜ እንደገና በጣት ፈትሹ።

የመሪ ሰሌዳዎቹንና የሆዷን ሰሌዳ መርሳት

ከኋላ ሁለት የመሪ ሰሌዳዎች አሉ። በሸራ ስትሄዱ ይወርዳሉ። በሞተር በሰዓት ከ6 ማይል በላይ ልትፈጥኑ ከሆነ ግን መነሳት አለባቸው፤ ካልሆነ የውሃው ግፊት ሰብሯቸው ይሄዳል። ሰው ሸራውን አውርዶ ሞተሩን ሲያስነሳ የሚረሳው አንደኛው ነገር ይህ ነው።

የሆድ ሰሌዳዋ ጉዳይ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። የ26ኤክሷ መሬት ስትነካ ወደ ኋላ ታጥፋ ትነሳለች። የ26ኤሟ ቀጥ ብላ የምትወርድ ናትና አሸዋ ላይ ስትተክሏት ትጣበቃለች ወይም ትጎዳለች። ቼሳፒክ በአማካይ 21 ጫማ ብቻ ነው ጥልቀቱ። ዳር ዳሩ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከምልክት ማማው ባሻገር ያለው ሰፊ ውሃ ጉልበት ላይ የሚደርስ ሊሆን ይችላል። ታይዱ (የባሕሩ ውሃ ከፍና ዝቅ ማለት) ትንሽ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍስ ጠንካራ ነፋስ የባሕረ ሰላጤውን ውሃ እየገፋ ያስወጣዋል። ትናንት ያለፋችሁበት ዛሬ ጭቃ ነው።

በተቃራኒው ዶክ ስትጠጉ ሰሌዳዋን ሙሉ በሙሉ አንስታችሁ አትምጡ። ጀልባዋ ቁመቷ ከፍ ያለ፣ ክብደቷ ቀላል ነው። ቀስ ስትሉ ነፋስ እንደ ፌስታል ወደ ጎን ይወስዳታል። ሰሌዳዋን በከፊል፣ የመሪ ሰሌዳዎቹን ደግሞ ሙሉ ለሙሉ አውርዱ። ያኔ ውሃውን ትይዛለች።

ነዳጁን እንደ መኪና መቁጠር

ብዙዎቹ የሚይዙት ሁለት ባለ6 ጋሎን ታንክ ነው። ባለ50 ጉልበት ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ወደ 5 ጋሎን ይጠጣል። ሒሳቡ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሲሶውን ለመሄጃ፣ ሲሶውን ለመመለሻ፣ ሲሶውን ለክፉ ቀን ያዙ።

«ሸራ ሰቅያለሁ፣ ቅድሚያ የእኔ ነው» ማለት

ሞተሩ እየገፋ ከሆነ ሸራ ብትሰቅሉም ሕጉ የሚያያችሁ እንደ ሞተር ጀልባ ነው። ቅድሚያው የለም። ወደ ባልቲሞር የሚሄደው መርከብ ደግሞ ሕጉ ምንም ይበል፣ ከቦዩ ወጥቶ አያሳልፋችሁም። ሊያቆም ቢፈልግም አይችልም።

ምሰሶው ሲወርድ አብሮ የሚወርደው

በድልድይ ስር ለማለፍ ወይም በሞተር ለመፍጠን ምሰሶውን ያስተኙታል። ጥሩ ነው፣ ለዚህም ነው የተሠራችው። ነገር ግን የቪኤችኤፍ ሬዲዮው አንቴና ጫፉ ላይ ነው። የሌሊቱ ነጭ መብራትም እዚያው ነው። ምሰሶው ሲተኛ ሁለቱም ጠፉ ማለት ነው። በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ይኑራችሁ፣ የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16 ላይ ይቁም። ተተኪ ነጭ መብራትም ከኋላ በዘንግ የምትተክሉት ያዙ።

ስለ ድልድይ ካነሳን ኬንት ናሮውስ በሚባለው ጠባብ የውሃ መተላለፊያ ላይ ያለው የሚነሳ ድልድይ ዝግ ሲሆን ከስሩ 18 ጫማ ገደማ ነው ያለው። ምሰሶው ቆሞ አያልፍም። በሞቃቱ ወራት ቀን ቀን በየግማሽ ሰዓቱ ይከፈታል። የውሃው ፍሰት እዚያ ጉልበተኛ ነው። ከድልድዩ ራቅ ብላችሁ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ፣ አፍንጫዋን ወደ ፍሰቱ አዙራችሁ ጠብቁ። ተጠግታችሁ አትንሳፈፉ።

የጠዋቱን ሰማይ ማመን

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለቼሳፒክ ሐምሌ ነው። ጠዋት ጭጋግና ዝምታ። ከሰዓት በኋላ የደቡብ ነፋስ ይነሳል። አመሻሽ ላይ ከምዕራብ ነጎድጓድ ይመጣል። አናፖሊስ በምዕራቡ ዳር ስለሆነ ደመናው ከዛፎቹ ጀርባ ተደብቆ ቆይቶ ድንገት ይደርስባችኋል። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። የዚህች ጀልባ ሆድ ደግሞ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ በፍጥነት ከመጣችሁበት በጥፊ ይመታታል። ጋዝ ቀንሱ፣ ማዕበሉን በሰያፍ ተቀበሉት።

ሸራ የሚቀነሰው «ልቀንስ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ገና ሲመጣ ነው። ጀልባዋ ገና በ12 ኖት (በሰዓት 12 የባሕር ማይል) ነፋስ ዘመም ማለት ትጀምራለች። 15 ከደረሰ ትልቁን ሸራ አጠር አድርጉ። ነጎድጓድ ከታየ ደግሞ ሁሉንም አውርዱ፣ ታንኩ መሙላቱን አረጋግጡ፣ ሁሉም ላይፍ ጃኬቱን ይልበስ። ከዚያ ወደ ቅርቡ ወንዝ ግቡ። ማይልስ ወንዝም ሆነ ዋይ ወንዝ መሸሸጊያ የሚሆኑ ጎድጓዳ ቦታዎች አሏቸው። አንድ ጫማ ውሃ የሚበቃት ጀልባ ትልልቆቹ የማይደርሱበት ትገባለች፤ ይህ ትልቁ ጥቅሟ ነው። መልህቅ ስትጥሉ ገመዱን የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ ልቀቁ፤ ከውሃው እስከ አፍንጫዋ ያለውንም ከፍታ አብራችሁ ቁጠሩ።

ሚያዝያ ላይ የሚወጡ ደግሞ አየሩ ሞቀ ብለው ይሳሳታሉ። ውሃው ገና የክረምት ውሃ ነው፤ ዋና የሚችለውንም ያስደነግጠዋል።

ወረቀቱን ችላ ማለት

ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ጀልባ ሲነዳ የጀልባ ደህንነት ትምህርት የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ቨርጂኒያ ባለ10 ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ለሚነዳ ትጠይቃለች። ትምህርቱ ኢንተርኔት ላይ ይወሰዳል።

ታንኩን ሞልቶ ወደ ቤት መጎተት

እሁድ ማታ ሁሉም ደክሞታል፣ ልጆቹ ተኝተዋል። ጀልባዋን ተጎታቹ ላይ ስታወጡ የኋላውን ቫልቭና የአየር ማስወጫውን ክፈቱ። ውሃው እስኪያልቅ ራምፑ ላይ አትቁሙ፣ ከፍ ብላችሁ ማዘጋጃው ቦታ ላይ አፍስሱ። ግማሽ ቶን ውሃ ጭኖ ባሕረ ሰላጤውን የሚሻገረውን ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅን፣ አቋርጦ ወይም ሩት 50ን ይዞ ለመሄድ ጎማውም ፍሬኑም አልተሠራም። ምሰሶውን አስተኝታችሁ በሦስት ቦታ እሰሩ። የመሪ ሰሌዳዎቹንም አንስታችሁ አጥብቁ። ቤት ስትደርሱ የሞተሩን ውስጥና የተጎታቹን ፍሬን በንጹህ ውሃ እጠቡ፤ የቼሳፒክ ጨው ከውቅያኖሱ ቢያንስም ብረት ይበላል። የታንኩን ቫልቭ እስከሚቀጥለው ጉዞ ክፍት ተዉት፣ ውስጡ ይናፈስ።