ከራስ ቅል ጥገና በኋላ የአንጎልን ማገገም በምስል ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአደጋ ወይም በስትሮክ ያበጠ አንጎል ቦታ እንዲያገኝ ሐኪሞች የራስ ቅሉን ከፊል ያነሳሉ። እብጠቱ ሲቀንስ ክፍተቱ በታካሚው በራሱ አጥንት ወይም በታይታኒየም ሳህን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ታካሚ አንደበቱ ይፈታል፣ የዛለ እጁ ይበረታል። ይህ እንዴት ሆነ ብለን ወደ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ስንሮጥ ነው የምንሳሳተው።

የ"በፊቱን" ምስል አለማንሳት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከጥገናው በኋላ ብቻ የተነሳ ምስል ለውጥን አያሳይም። የበፊቱ ምስል ቢኖርም የቆየ ከሆነ ብዙም አይረባም፤ በመሃል ታካሚው በራሱ ጊዜም በፊዚዮቴራፒም እየተሻለው ነበራ! ምስሉ ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ይነሳ። ክፍተቱ ገና ያልተዘጋላቸው ተመሳሳይ ታካሚዎች ለማነጻጸሪያ ከተገኙማ ግማሹ ክርክር ያበቃል።

ታካሚው የተኛ መሆኑን መርሳት። አጥንት በሌለበት ቆዳው ይሰረጉዳል፣ የአየር ግፊትም አንጎሉን ይጫናል። ሰውየው ሲቀመጥ ወይም ሲቆም ይብስበታል። ማሽኑ ግን የሚያነሳው አስተኝቶ ነው። ስለዚህ "ምስሉ ደህና ነው" ከማለታችን በፊት ቀና ሲል ምን እንደሚሰማው እንጠይቀው። የአንጎል ደም ስሮችን በድምፅ ሞገድ የሚለካው ዶፕለር ተቀምጦም ስለሚሠራ እዚህ ጋ ያግዛል።

የደም ፍሰትን ከመዳን ጋር ማምታታት። ፍሰቱ ጨምሮ ታካሚው ግን አንድ ቃል ላይጨምር ይችላል። አንጎል ሲሠራ ለማየት የሚያገለግለው ፈንክሽናል ኤምአርአይም ቢሆን የነርቭ ሴሎችን ሥራ በቀጥታ አይለካም፤ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው የሚያየው። የንግግር፣ የማስታወስና የእንቅስቃሴ ፈተና አብሮ ይሰጥ። ፈታኙም ምስሉን ባያይ ይመረጣል፤ ያየ ሰው መሻሻል መፈለጉ አይቀርማ።

የታይታኒየሙን ጥላ እንደ ጉዳት ማንበብ። ታይታኒየም በማግኔት አይሳብም፣ ግን በዙሪያው ያለውን ምስል ያዛባል፤ በፈንክሽናል ኤምአርአይ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከሳህኑ ሥር የጠፋ ምልክት የሞተ አንጎል ላይሆን ይችላል።

ሌላኛውን የአንጎል ጎን "ጤነኛ" ብሎ መለኪያ ማድረግ። እሱም ከጥገናው በኋላ ሊለወጥ ይችላል። ሁለቱንም ጎን ለየብቻ ከራሳቸው የበፊት ምስል ጋር ያነጻጽሩ።

ትንሽ የምትመስል ነገር ደግሞ አለች፦ ቡና። ካፌይን የአንጎልን የደም ፍሰት ይቀንሳል። በመጀመሪያው ቀን ጠጥቶ በሁለተኛው ሳይጠጣ የመጣ ታካሚ ቀዶ ጥገናው ያላመጣውን "መሻሻል" ያሳየናል።