ባዮኬሚስትሪን በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚያጠኑ፦ ከሽምደዳ በፊት ኬሚስትሪውን መያዝ

ባዮኬሚስትሪን በመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚደናገጠው የኢንዛይሞቹና የውሁዶቹ ስም መብዛቱን ሲያይ ነው። ይሁን እንጂ ትምህርቱን የሚያከብደው የስሞቹ ብዛት ሳይሆን ኬሚስትሪውን ሳይዙ ስሞቹን ብቻ ለመሸምደድ መሞከር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሰጡትን የጠቅላላና የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ኮርሶች ለማለፍ ብቻ መማር አይገባም፤ በተለይ የአሲድና የቤዝ ባሕርይ፣ የኬሚካል ሚዛንና የኤሌክትሮኖች አካሄድ በሚገባ ካልተጨበጡ ቀጣዩ ሁሉ ባዶ ቃል ይሆናል።

መጀመሪያ የሚያዙት ፕሮቲን የሚሠራባቸው 20 አሚኖ አሲዶች ናቸው። እነዚህን በቃል ማወቅ ግድ ነው፤ ግን በፊደል ተራ ከመያዝ ይልቅ በጎን ሰንሰለታቸው (አንዱን አሚኖ አሲድ ከሌላው በሚለየው ክፍል) ጠባይ መመደብ፣ ማለትም ውኃ የሚሸሹትን፣ ውኃ የሚስማማቸውንና ቻርጅ የሚይዙትን ለይቶ በባዶ ወረቀት ላይ በእጅ መሳል ይሻላል። ቀጥሎም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ሲለወጥ የእያንዳንዱ ቻርጅ ምን እንደሚሆን ማስላት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ የሆነው የሂስቲዲን የጎን ሰንሰለት ፒኬኤ፣ ማለትም ግማሾቹ ፕሮቶን ይዘው ግማሾቹ የሚለቁበት ፒኤች፣ 6 ገደማ ነው። ፒኤች 5 ላይ ፕሮቶን የያዙት ካልያዙት 10 እጥፍ ያህል ይበልጣሉ፤ የደም ፒኤች በሆነው 7.4 ላይ ግን አብዛኞቹ ፕሮቶናቸውን ለቀዋል። ሂስቲዲን በብዙ ኢንዛይሞች ውስጥ ፕሮቶን ሲቀበልና ሲሰጥ የሚገኘው ፒኬኤው ለሕዋስ ፒኤች ቅርብ በመሆኑ ነው። ይህን ስሌት በራሱ እጅ የሠራ ተማሪ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ ቻርጅ ያለው ግሉታሚክ አሲድ ውኃ በሚሸሸው ቫሊን ሲተካ ሞለኪውሎቹ ለምን እርስ በርስ እንደሚጣበቁና የሲክል ሴል ሕመም እንዴት እንደሚመጣ ለመረዳት አይቸገርም።

ወደ ሜታቦሊዝም (በሕዋስ ውስጥ ወደሚካሄዱት የኬሚካል ለውጦች) ሲደረስ የሽምደዳው ፈተና ይበረታል። ግሉኮስ የሚፈርስበት ግላይኮሊሲስ 10 ደረጃዎች አሉት፤ ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው የተጣራ ትርፍም 2 ኤቲፒ (የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ነው። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ግን ሂደቱ የት ላይ እንደሚገታና ለምን እዚያ እንደሆነ ነው። 3ኛውን ደረጃ የሚያከናውነው ፎስፎፍራክቶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ኤቲፒን በግብዓትነት ይጠቀማል፤ ኤቲፒ ሲበዛ ደግሞ ያው ሞለኪውል በሌላ ቦታ ተጣብቆ ኢንዛይሙን ያዘገየዋል። ሕዋሱ ኃይል ሲያጥረው የሚጨምረው ኤኤምፒ (ሁለት ፎስፌት የጎደለው ኤቲፒ) በአንጻሩ ያፋጥነዋል። ቁጥጥሩ በዚህ ደረጃ ላይ የሚጠነክረው፣ ከዚህ በፊት የሚፈጠረው ግሉኮስ-6-ፎስፌት የተባለው ውሁድ የግሉኮስ ማከማቻ ወደሆነው ግላይኮጅን ወይም ወደ ሌሎች መንገዶች ሊያመራ ስለሚችል ነው። እንዲህ ያለ ምክንያት የተገኘለት ደረጃ በቀላሉ አይረሳም።

የኢንዛይም ፍጥነት ትምህርትም በንባብ ብቻ አይገባም። ሚካኤሊስና ሜንተን በ1913 ያሳተሙትን ቀመር ቁጥር እየተኩ መሥራት ያስፈልጋል፦ የሰብስትሬቱ (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ውሁድ) መጠን ኬኤም ከተባለው የኢንዛይሙ ቋሚ ቁጥር ጋር እኩል ሲሆን ፍጥነቱ የከፍተኛው ግማሽ፣ 9 እጥፍ ሲሆን ደግሞ 90 በመቶ ይደርሳል።

በቤተ ሙከራ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው። በማይክሮፒፔት መለካትን በውኃና በሚዛን መለማመድ ይገባል፤ 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ስህተቱ ወዲያው ይታያል። በሕዋስ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያጓጉዘው ኤንኤዲኤች በ340 ናኖ ሜትር ብርሃን ሲመጥ ኤሌክትሮኑን የሰጠው ቅርጹ ኤንኤዲ ፕላስ ግን እዚያ ላይ ስለማይመጥ፣ የብዙ ኢንዛይሞችን ሥራ በዚህ ልዩነት መከታተል ይቻላል። ንባቦቹ በዚያው ሰዓት፣ ከነ ሙቀት መጠኑና ከነ በፈሩ (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚጠብቀው ድብልቅ) ዓይነት፣ በማስታወሻ ደብተር ላይ መስፈር አለባቸው፤ ኢንዛይሙ ያልተጨመረበት ማነጻጸሪያም ምንጊዜም አብሮ መለካት አለበት፤ ያለ እርሱ የታየው ለውጥ ከኢንዛይሙ ይሁን ከሌላ ምክንያት መለየት አይቻልምና።