«በርካታ ብርቅዬ መዛግብት» የሚለውን ሰርዙት

ክረምት በገባ ቁጥር ኢሜይሌ በፕሮፖዛል ይሞላል። «ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ይዩልኝ» ነው ሁሉም። የታሪክና የግዕዝ ተማሪዎች፣ ወጣት መምህራን፣ አንዳንዴም ዲያቆናት ናቸው። ለንደን፣ ኦክስፎርድ፣ ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ላለ ቤተ መጻሕፍት የምርምር ፌሎሺፕ (እዚያው ሄዶ ለማጥናት የሚሰጥ ገንዘብ) ያመለክታሉ። አነባለሁ፣ በቀይ እሞነጫጭርበታለሁ፣ እልካለሁ። በዓመቱ ሌላ ልጅ ያንኑ ስህተት ይዞልኝ ይመጣል። ደከመኝ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ለምን እዚያ እንደምትሄዱ አለመናገር

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። «ቤተ መጻሕፍቱ በርካታ ብርቅዬ የኢትዮጵያ መዛግብት ስላሉት ለጥናቴ እጅግ ይጠቅመኛል።» ይህ ዓረፍተ ነገር የሌለበት ፕሮፖዛል በጣት ይቆጠራል። ብርቅዬ መሆናቸውንማ ባለቤቱ ያውቃል! ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው የትኛውን ብራና፣ በየትኛው ቁጥር የተመዘገበውን፣ ምኑን ልታዩበት እንደሆነ ነው። ገንዘቡ የሚሰጠው እዚያው ቁጭ ብላችሁ የቤቱን መጻሕፍት እንድትመረምሩ ነው እንጂ እንዲሁ ጎበዝ ስለሆናችሁ አይደለም። እስቲ የቤተ መጻሕፍቱን ስም አጥፉና በሌላ ተኩት። ጽሑፉ ምንም ካልጎደለበት ገና አልጻፋችሁም ማለት ነው።

«ካታሎጉን፣ የብራናዎቹን ዝርዝር፣ ከየት ላምጣ?» ይሉኛል ደግሞ። ኧረ ተዉ። ዋና ዋናዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ያሉትን ብራናዎች ዊልያም ራይት በ1877 አንድ በአንድ ዘርዝሯቸዋል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ይዟቸው የሄደው ብራናዎች ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገቡ፤ ጀርመናዊው የግዕዝ ምሁር ዲልማን በ1848 ካታሎግ ሠራላቸው። ተጓዡ አንትዋን ዳባዲ የሰበሰባቸው ፓሪስ ናቸው፤ እሱ ራሱ በ1859 ዝርዝራቸውን አሳትሟል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ልብ በሉ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።) ዲልማን በላቲን ነው የጻፈው። ቢሆንስ? ቁጥር ለመቅዳትና የግዕዙን መነሻ ለማንበብ ላቲን አያስፈልግም።

ካታሎግ አለመክፈት ያዋርዳል። አንድ ወዳጄ ለንደን ሄዶ ሊያየው ያሰበውን ክብረ ነገሥት በኩራት ጠቅሶ ጻፈ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አስጠይቀው በ1872 የተመለሰላቸውን! እሱ ሊያየው የሚሄደው መጽሐፍ ለንደንን ከለቀቀ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር።

ከቤት የሚታየውን «ልሂድና ልየው» ማለት

ይሄንን እኔም ሠርቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ገድል ቅጂ ለማየት የሦስት ወር ገንዘብ ጠየቅሁ። ገምጋሚው «አመልካቹ ይህንን ከቤታቸው ሆነው ሊያነቡት ይችላሉ» ብሎ በአንድ መስመር ዘጋኝ። እውነቱን ነው። ቅጂው ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ ከተጫነ ቆይቶ ነበር። እኔ አላየሁም።

በተለይ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ላለው ሂል ቤተ መጻሕፍት የምታመልክቱ ይህን አስቡበት። በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎቻችንን አንስቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለአሥርት ዓመታት እነዚያን ሲመረምሩና ካታሎግ ሲሠሩ ኖረዋል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ዛሬ በነጻ ተመዝግባችሁ ሳሎናችሁ የምታዩት ነው። ደግሞም እዚያ ያለው ፊልሙ ነው እንጂ የእነዚያ ብራናዎች ዋናው አይደለም። ስለ ድጉሱና ስለ ቀለሙ ላጥና ብላችሁ ፊልም ወዳለበት መሄድ አያስኬድም። የምትሄዱት ለባለሙያዎቹና ለማመሳከሪያ መጻሕፍቱ ከሆነ ግን ጥሩ ምክንያት ነው፤ እንዲያ ብላችሁ ጻፉ።

ዋናውን ብራና ማየት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ተፍቆ በላዩ ሌላ የተጻፈበት ስም፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ከጥቁሩ የማይለይ ቀይ ቀለም፣ ህዳግ ላይ የደበዘዘ የርስት ውል። ከእነዚህ አንዱን ካገኛችሁ ፕሮፖዛላችሁ ግማሽ መንገድ ሄደ።

በሌላ በኩል ኦንላይን አለ ብላችሁም አትመኩ። በኦክቶበር 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ የሳይበር ጥቃት ደርሶበት ካታሎጉም ስካኖቹም ለወራት ጠፍተው ነበር። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ለክፍሉ ባለሙያ ኢሜይል ጻፉ። ብራናው ለአንባቢ ይወጣል? ጥገና ላይ ነው? ልጆቻችን ይህቺን ኢሜይል ለምን እንደሚፈሯት አይገባኝም።

ከንግሥተ ሳባ መጀመር

የተሰጣችሁ ሁለት ገጽ ነው። አንዱን በሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አትጨርሱት።

ቅኔ ቤቱን መደበቅ

ይሄኛው አያናድደኝም፣ ያሳዝነኛል። አንድ ልጅ ሲቪውን ላከልኝ። ዲግሪ፣ ማስተርስ፣ የኮምፒውተር ሥልጠና፣ መንጃ ፈቃድ ሳይቀር አለበት። ፕሮፖዛሉ ውስጥ ግን ከግዕዝ የተረጎማት አንዲት አንቀጽ አለች። አተረጓጎሙ ገረመኝና ደወልኩለት።

«ግዕዙን የት ተማርከው?»

«ጎጃም ቅኔ ቤት፣ ጋሼ።»

«ስንት ዓመት?»

«ሰባት። ግን ያ እኮ ዘመናዊ ትምህርት አይደለም።»

ምን ልበለው? ፈረንጁ ምሁር መዝገበ ቃላት እያገላበጠ የሚፈታውን እሱ በቃሉ ይወጣዋል። ይህን ትቶ መንጃ ፈቃዱን ጽፏል! ከዲግሪው ቀጥሎ አስገባው አልኩት። ነገር ግን «የቤተ ክርስቲያን ትምህርት» ብሎ መተውም አይበቃም። ገምጋሚው የቅኔ ዓይነቶቹን፣ ጉባኤ ቃናን ከመወድስ፣ አይለይም፤ ምናልባት የመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይን የሚያጠና ሰው ነው። ስንት ዓመት እንደተማራችሁ፣ ምን ያህል እንደደረሳችሁ፣ ዛሬ ምን ለማንበብ እንደሚያስችላችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱት።

ስልሳ ብራና በስልሳ ቀን

«በሦስት ወር ስልሳ ብራናዎችን አመሳክራለሁ።» ሦስት ወር ቅዳሜና እሁድ ሲወጣለት ስልሳ ቀን ገደማ ነው። አንድ ስንክሳር በአንድ ቀን? ስምንት በሉ። እሱም ያደክማችኋል።

የድጋፍ ደብዳቤ

«ጨዋ፣ ታዛዥና ትሁት ልጅ ነው።» ይህ ለሽምግልና ይሆናል፣ ለምርምር አይሆንም። ጥፋቱ ግን የመምህሩ ብቻ አይደለም። ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ፕሮፖዛሉን እንኳ ሳታሳዩዋቸው ብትጠይቋቸው ሌላ ምን ይጻፉ? ከወር በፊት፣ ፕሮፖዛሉን አያይዛችሁ ጠይቁ።

ፕሮፖዛሉን ክስ ማድረግ

መቅደላ ላይ ስለተዘረፈው ስትጽፉ ንዴቱ የእኔም ነው። ሆኖም ገጽ ሙሉ ወቀሳ የምርምር ጥያቄ አይሆንም። ጥያቄው ንዴቱ ውስጥ አለ፣ አውጡት። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። ይህ ወንጌል ከየትኛው ደብር መጣ? የስጦታው ቃል ማንን ይጠቅሳል? የማንስ ስም ተፍቋል? እንዲህ ብላችሁ ከጠየቃችሁ መጽሐፉ የማን እንደነበር ብራናው ራሱ ይመሰክራል።

ዓመተ ምሕረት

ስታነቡት ቀላል ይመስላል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የክሉጊ ፌሎሺፕ ዶክትሬታቸውን ከያዙ ከሰባት ዓመት ያልበለጣቸውን ነው የሚቀበለው። እኛ ደግሞ ከፈረንጁ አቆጣጠር ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን። ተመሳሳይ ሕግ ላለው ሌላ ቦታ ያመለከተ አንድ የማውቀው ልጅ የተመረቀው ሐምሌ 2011 ነው። ቅጹ ላይም «2011» ብሎ ሞላ፤ 2019 ማለት ነበረበት። ማመልከቻው ሳይነበብ ተመለሰ። የመልሱን ደብዳቤ ላከልኝና ደወለ። «ጋሼ፣ ጊዜህ አልፏል ይሉኛል። ገና አራት ዓመቴ አይደለም እንዴ?»